የዘፈቀደ ተለዋዋጮች አማካይና መደበኛ ልይይት አሰላል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዘፈቀደ ተለዋዋጮችን አማካይና መደበኛ ልይይት ለማስላት የሚያስፈልገው የሒሳብ ችሎታ ከመደመር፣ ከማባዛትና ዳግም ዘር ከማውጣት እምብዛም አያልፍም። ይሁን እንጂ ቀመሮቹን በቃላቸው የያዙ ተማሪዎችም ሆኑ በየዕለቱ ከመረጃ ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎች በተመሳሳይ ጥቂት ቦታዎች ላይ ሲሰናከሉ ይታያል። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከስሌቱ ሳይሆን የትኛው መጠን እንደሚደመርና የትኛው እንደማይደመር ካለመለየት ነው፤ ከታች ያሉት መልሶችም በዚሁ ላይ ያተኩራሉ።

የዘፈቀደ ተለዋዋጭ ምንድን ነው? ከተራ የቁጥር ዝርዝርስ በምን ይለያል?

የዘፈቀደ ተለዋዋጭ፣ በተለምዶ ራንደም ቫሪያብል የሚባለው፣ ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ አንድ ሙከራ ሊያስገኛቸው ለሚችላቸው ውጤቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ ቁጥር የሚሰጥ ደንብ ነው። ባለ ስድስት ገጽ ዳይ ሲወረወር የሚወጣው ቁጥር፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ካሉ ዕቃዎች መካከል ብልሽት የተገኘባቸው ብዛት፣ አንድ አምፖል እስኪቃጠል ድረስ የሚያበራበት ጊዜ፣ እነዚህ ሁሉ የዘፈቀደ ተለዋዋጮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ፣ ሁለት እየተባሉ የሚቆጠሩ ዋጋዎች ስላሏቸው የተነጣጠሉ ሲባሉ፣ ሦስተኛው በአንድ ክልል ውስጥ ያለን ማንኛውንም ቁጥር ሊይዝ ስለሚችል ተከታታይ ይባላል።

የቁጥር ዝርዝር የሆነውን ይመዘግባል። የዘፈቀደ ተለዋዋጭ ግን ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ከነመሆን ዕድሉ ይይዛል፤ ይህ የዋጋዎችና የዕድሎች ጥምረት የዕድል ሥርጭት ይባላል። አማካይና መደበኛ ልይይት የሚሰሉት ከዚህ ሥርጭት ስለሆነ፣ ማንኛውም ስሌት ከመጀመሩ በፊት ዕድሎቹ ሁሉ ከዜሮ ያላነሱ መሆናቸውንና ድምራቸው በትክክል 1 መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ድምሩ 0.95 ወይም 1.05 ከመጣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም።

አማካዩ እንዴት ይሰላል?

እያንዳንዱ ዋጋ በራሱ የመሆን ዕድል ይባዛል፤ ከዚያም ብዜቶቹ ይደመራሉ። ሌላ ነገር የለውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድና በቀጣዮቹ መልሶች ውስጥም አብረን እንጠቀምበት። በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚገኙት ብልሹ ዕቃዎች ብዛት 0 የመሆን ዕድሉ 0.50፣ 1 የመሆን ዕድሉ 0.30፣ 2 የመሆን ዕድሉ 0.15፣ 3 የመሆን ዕድሉ ደግሞ 0.05 ነው እንበል። ዕድሎቹ ሲደመሩ 1 ይሆናሉ። አማካዩም

0 × 0.50 + 1 × 0.30 + 2 × 0.15 + 3 × 0.05 = 0 + 0.30 + 0.30 + 0.15 = 0.75

ይሆናል። እዚህ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ዕድሎቹን ረስቶ 0፣ 1፣ 2 እና 3ን ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ ይህ 1.5 ይሰጣል፣ ከትክክለኛውም መልስ በእጥፍ ይበልጣል። ለ4 ማካፈል ትክክል የሚሆነው አራቱም ዋጋዎች እኩል ዕድል ሲኖራቸው ብቻ ነው። ሌላው ስህተት ብዜቶቹን በትክክል ደምሮ ካበቁ በኋላ ውጤቱን እንደገና በዋጋዎቹ ብዛት ማካፈል ነው። የማካፈሉን ሥራ ዕድሎቹ አስቀድመው ጨርሰውታል፤ ድምራቸው 1 የሆነውም ለዚህ ነው።

አማካዩ ፈጽሞ ሊወጣ የማይችል ቁጥር ሲሆን ስህተት ተሠርቷል ማለት ነው?

አይደለም። የዳይ አማካይ 3.5 ነው፤ 3.5 የሚል ገጽ ያለው ዳይ ግን የለም። አማካዩ በአንድ ሙከራ የሚጠበቀውን ውጤት አይተነብይም። ሙከራው በተመሳሳይ ሁኔታ እጅግ ብዙ ጊዜ ቢደጋገም የውጤቶቹ አማካይ ወደየት እንደሚጠጋ ነው የሚናገረው። ይህን ሁለት ውጤት ብቻ ላላቸው ሙከራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በማረጋገጫ ያስቀመጠው ያዕቆብ ቤርኑሊ ሲሆን፣ ሥራው የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1713 ነበር። አማካዩን «የሚጠበቀው ዋጋ» ብሎ መጥራቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ አጠራር በቀጣዩ ሙከራ ያ ቁጥር ይወጣል የሚል የተሳሳተ ግምት እንዳያሳድር መጠንቀቅ ያሻል።

ልይይትና መደበኛ ልይይት ምን ይለካሉ? እንዴትስ ይሰላሉ?

ሁለት የዘፈቀደ ተለዋዋጮች አንድ ዓይነት አማካይ ኖሯቸው ፈጽሞ የተለየ ጠባይ ሊኖራቸው ይችላል። ሁልጊዜ 50 የሚወጣበት ሙከራና ግማሽ ጊዜ 0፣ ግማሽ ጊዜ 100 የሚወጣበት ሙከራ አማካያቸው እኩል ነው። ልዩነታቸውን የሚገልጸው ዋጋዎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው መጠን ነው።

ልይይት፣ በሌላ አጠራሩ ቫሪያንስ፣ ከአማካዩ ያለው ርቀት ዳግም ርቢ አማካይ ነው። መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ የዚህ የልይይት ዳግም ዘር ነው። በሣጥኑ ምሳሌ አማካዩ 0.75 ስለሆነ ስሌቱ ደረጃ በደረጃ እንዲህ ይሄዳል።

ዋጋው 0 ሲሆን ርቀቱ −0.75፣ ዳግም ርቢው 0.5625፣ በ0.50 ሲባዛ 0.28125።
ዋጋው 1 ሲሆን ርቀቱ 0.25፣ ዳግም ርቢው 0.0625፣ በ0.30 ሲባዛ 0.01875።
ዋጋው 2 ሲሆን ርቀቱ 1.25፣ ዳግም ርቢው 1.5625፣ በ0.15 ሲባዛ 0.234375።
ዋጋው 3 ሲሆን ርቀቱ 2.25፣ ዳግም ርቢው 5.0625፣ በ0.05 ሲባዛ 0.253125።

የአራቱ ድምር 0.7875 ነው፤ ይህ ልይይቱ ነው። ዳግም ዘሩ 0.887 ገደማ ሲሆን እሱ መደበኛ ልይይቱ ነው። ከአራቱ መስመሮች የመጨረሻውን ልብ ማለት ይጠቅማል፦ ዋጋው 3 የሚሆነው ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ ሆኖ ሳለ ለልይይቱ ያበረከተው ድርሻ ከሲሶው ጥቂት ብቻ ያንሳል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰቱ ሩቅ ዋጋዎች በልይይት ላይ ያላቸው ጉልበት ይህን ያህል ነው።

ልይይቱ በዳግም ርቢ መለኪያ የሚገለጽ በመሆኑ፣ ዋጋዎቹ በደቂቃ ቢለኩ እሱ «ደቂቃ በደቂቃ» ይሆናል፤ ይህም ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። መደበኛ ልይይት ግን ወደ ደቂቃው ይመለሳል። ስለዚህ ስሌቱን በልይይት መሥራት፣ ውጤቱን ደግሞ በመደበኛ ልይይት መግለጽ የሚበጅ ልማድ ነው።

መደበኛ ልይይት ከአማካዩ ሊበልጥ ይችላል? ዜሮ ወይም ኔጌቲቭስ ሊሆን ይችላል?

ከላይ በተሰላው ምሳሌ አማካዩ 0.75፣ መደበኛ ልይይቱ 0.887 ስለሆነ መብለጡ ምንም እንከን የለውም። ዜሮ የሚሆነው ተለዋዋጩ አንድ ዋጋ ብቻ ሲኖረው ነው። ኔጌቲቭ ግን በፍጹም አይሆንም፤ በስሌት መካከል ኔጌቲቭ ልይይት ከመጣ ስህተት መኖሩ የተረጋገጠ ነው።

ርቀቱን በዳግም ርቢ ማሳደግ ለምን አስፈለገ? ምልክቱን ብቻ አጥፍቶ አማካዩን መውሰድ አይቀልም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ከሚሰጠው የጠለቀ ነው። ርቀቶቹን ከነምልክታቸው በየዕድላቸው አባዝተን ብንደምራቸው ከአማካዩ በላይ ያሉትና በታች ያሉት እርስ በርስ ስለሚጣፉ ውጤቱ ሁልጊዜ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ምልክቱን ማስወገድ ግድ ነው። ይህንንም በፍጹማዊ ዋጋ ማድረግ ይቻላል፤ ለዳይ ብንሠራው 1.5 እናገኛለን፣ ይህም ሙሉ በሙሉ ትርጉም ያለው መለኪያ ነው።

ዳግም ርቢ የተመረጠበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እርስ በርስ ተጽዕኖ የሌላቸው ሁለት የዘፈቀደ ተለዋዋጮች ሲደመሩ ልይይቶቻቸውም ይደመራሉ፤ የፍጹማዊ ርቀት አማካይ ይህ ጠባይ የለውም። መቶ ዳይ ተወርውሮ የሚገኘውን ድምር ልይይት ለማወቅ የአንዱን ልይይት በመቶ ማባዛት ይበቃል። በፍጹማዊ ርቀት ግን የመቶውን ድምር ሙሉ ሥርጭት ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ መጠን የራሱን ስም ሲሰጠው የተነሣው ከዚሁ ነው፦ የአንድን መለያየት ምንጮች ለያይቶ ድርሻቸውን መደመር የሚቻለው በልይይት ነው።

ልይይትን የማስያ አጭር መንገድ አለ?

አለ። የዋጋዎቹ ዳግም ርቢ አማካይ ሲቀነስ የአማካዩ ዳግም ርቢ ልይይቱን ይሰጣል። በሣጥኑ ምሳሌ የዳግም ርቢዎቹ አማካይ 1 × 0.30 + 4 × 0.15 + 9 × 0.05 = 1.35 ነው። የአማካዩ ዳግም ርቢ 0.5625 ስለሆነ 1.35 − 0.5625 = 0.7875 ይሆናል፤ ከላይ በረጅሙ መንገድ ያገኘነው ራሱ ነው። ለዳይ ደግሞ ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች ዳግም ርቢ ድምር 91 ስለሆነ ልይይቱ 91/6 − 12.25፣ ማለትም 2.917 ገደማ፣ መደበኛ ልይይቱም 1.708 ገደማ ነው።

ቅደም ተከተሉን ማምታታት የተለመደ ነው። አስቀድሞ ዳግም ርቢ አውጥቶ አማካይ መውሰድና አስቀድሞ አማካይ ወስዶ ዳግም ርቢ ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልይይት ማለትም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ተለዋዋጩ ተከታታይ ሲሆንስ?

ሐሳቡ አይለወጥም፤ ድምሩ በኢንቴግራል፣ ዕድሉ በዕድል ጥግግት ይተካል። ለምሳሌ ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል የሚገኝ ተለዋዋጭ ቀ ጥግግቱ 2ቀ ቢሆን፣ ወደ 1 የተጠጉ ዋጋዎች ይበልጥ የመውጣት ዕድል አላቸው ማለት ነው። አማካዩን ለማግኘት ቀ × 2ቀ ከ0 እስከ 1 ሲጠቃለል 2/3 ይሆናል። የዳግም ርቢው አማካይ በተመሳሳይ መንገድ 1/2 ነው። ስለዚህ ልይይቱ 1/2 − 4/9 = 1/18፣ መደበኛ ልይይቱም 0.2357 ገደማ ነው። ጥግግት ራሱ ዕድል እንዳልሆነ መታወስ አለበት፤ በዚህ ምሳሌ እንኳ ጥግግቱ እስከ 2 ይደርሳል። ዕድል የሚሆነው ከጥግግቱ ሥር ያለው ስፋት ነው።

ቁጥሮችን በስሌቱ መካከል ማጠጋጋት ምን ያህል ጉዳት አለው?

አጭሩን መንገድ ለሚጠቀም ሰው ከባድ ጉዳት አለው። ከላይ ያለውን አማካይ 2/3 ወደ 0.67 ብናጠጋጋው ልይይቱ 0.5 − 0.4489 = 0.0511፣ መደበኛ ልይይቱም 0.226 ይሆናል። ወደ 0.7 ብናጠጋጋው ደግሞ ልይይቱ 0.01፣ መደበኛ ልይይቱ 0.1 ይሆናል፤ ትክክለኛው 0.2357 እንደነበር ልብ ይሏል። በአማካዩ ላይ የተደረገው ለውጥ ከመቶ አምስት ሲሆን በመደበኛ ልይይቱ ላይ የደረሰው ግን ከግማሽ በላይ ነው። ምክንያቱ አጭሩ መንገድ ሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮችን የሚያቀናንስ መሆኑ ነው።

ኮምፒውተርም ከዚህ አያመልጥም። ዋጋዎቹ 100000001፣ 100000002 እና 100000003 ቢሆኑ ዳግም ርቢዎቻቸው 17 አሃዝ ስለሚኖራቸው፣ እስከ 15 ወይም 16 አሃዝ ድረስ ብቻ በትክክል የሚይዝ የተለመደ ፕሮግራም በአጭሩ መንገድ የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አስቀድሞ ከሁሉም ላይ 100000000 ቀንሶ በ1፣ 2 እና 3 ማስላት። መቀነሱ ልይይቱን አይነካውም፤ ለምን እንደማይነካው ከሚቀጥለው መልስ ይታያል።

በተለዋዋጩ ላይ ቋሚ ቁጥር ቢደመር ወይም ተለዋዋጩ በቋሚ ቁጥር ቢባዛ ምን ይለወጣል?

ቋሚ ቁጥር ሲደመር አማካዩ በዚያው መጠን ይጨምራል፤ መደበኛ ልይይቱ ግን ባለበት ይቀራል፣ ሁሉም ዋጋዎች አብረው ስለሄዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አልተለወጠምና። በቋሚ ቁጥር ሲባዛ አማካዩም መደበኛ ልይይቱም በዚያ ቁጥር ይባዛሉ፤ ለመደበኛ ልይይቱ ምልክቱ አይታይም። ልይይቱ ግን በቁጥሩ ዳግም ርቢ ይባዛል።

በሴልሺየስ የተለካ ሙቀት አማካዩ 20፣ መደበኛ ልይይቱ 5 ዲግሪ ቢሆን፣ ወደ ፋራናይት ለመቀየር በ1.8 ተባዝቶ 32 ይደመርበታል። አማካዩ 68 ይሆናል። መደበኛ ልይይቱ 5 × 1.8 = 9 ብቻ ነው፤ 32ቱን እሱ ላይ መደመር ትልቅ ስህተት ነው።

ሁለት የዘፈቀደ ተለዋዋጮች ሲደመሩ መደበኛ ልይይቶቻቸውም ይደመራሉ?

አይደመሩም፤ ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል መያዝ ያለበት ይህ ነው። አማካዮች ሁልጊዜ ይደመራሉ። ልይይቶች የሚደመሩት ተለዋዋጮቹ እርስ በርስ ተጽዕኖ የሌላቸው ሲሆኑ ነው። መደበኛ ልይይቶች ግን በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በስተቀር አይደመሩም።

አንድ ሥራ ሁለት ደረጃዎች አሉት እንበል። የመጀመሪያው በአማካይ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ መደበኛ ልይይቱ 4 ደቂቃ ነው፤ ሁለተኛው በአማካይ 15 ደቂቃ ይወስዳል፣ መደበኛ ልይይቱ 3 ደቂቃ ነው። ሁለቱ የማይነካኩ ከሆኑ የጠቅላላው ሥራ አማካይ 35 ደቂቃ ነው። ልይይቱ 16 + 9 = 25 ስለሆነ መደበኛ ልይይቱ 5 ደቂቃ ነው እንጂ 7 አይደለም። አንዱ ደረጃ ሲዘገይ ሌላው አንዳንድ ጊዜ ስለሚፈጥን መለዋወጡ በከፊል ይካካሳል።

የሁለቱ ልዩነት ቢፈለግስ? አማካዩ 20 − 15 = 5 ደቂቃ ነው። ልይይቱ ግን አሁንም 16 + 9 = 25 ነው። ብዙዎች ተለዋዋጮቹ ስለተቀናነሱ ልይይቶቹንም ያቀናንሷቸዋል፤ ይሁን እንጂ ሁለት እርግጠኛ ያልሆኑ፣ እርስ በርስም የማይነካኩ መጠኖች ሲቀናነሱ እርግጠኛ አለመሆኑ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም።

አንድን ዳይ ወርውሮ ውጤቱን በ2 ማባዛትና ሁለት ዳይ ወርውሮ መደመር አንድ አይደለም?

በአማካይ አንድ ነው፤ ሁለቱም 7 ይሰጣሉ። በመደበኛ ልይይት ግን ይለያያሉ። አንዱን በ2 ስናባዛ መደበኛ ልይይቱ 2 × 1.708፣ ማለትም 3.416 ገደማ ይሆናል። ሁለት ዳይ ስንደምር ልይይቱ 2.917 + 2.917 = 5.833፣ መደበኛ ልይይቱም 2.415 ገደማ ነው። በመጀመሪያው 12 የሚወጣበት ዕድል 1/6 ሲሆን በሁለተኛው 1/36 ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ይበልጥ ወደ መካከል መሰብሰቡ አያስገርምም። በፈተና ላይ «ከአሥር ሣጥኖች የሚገኙ ብልሹ ዕቃዎች ድምር» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ የአንዱን ሣጥን መደበኛ ልይይት በ10 ማባዛት ሳይሆን በ10 ዳግም ዘር፣ ማለትም በ3.162 ገደማ፣ ማባዛት ያስፈልጋል።

ከዚሁ ደንብ አንድ ጠቃሚ ውጤት ይገኛል። የማይነካኩ የብዙ ሙከራዎች አማካይ መደበኛ ልይይቱ የአንዱ መደበኛ ልይይት በሙከራዎቹ ብዛት ዳግም ዘር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ዳይ 100 ጊዜ ተወርውሮ የሚገኘው አማካይ መደበኛ ልይይቱ 0.171 ገደማ ነው። ይህን በግማሽ ለመቀነስ 200 ጊዜ መወርወር አይበቃም፤ 400 ጊዜ ያስፈልጋል።

ተለዋዋጮቹ የሚነካኩ ከሆነስ?

ያኔ ልይይቱ ላይ ሦስተኛ ክፍል ይጨመራል፦ የተዛምዶው መጠን፣ ማለትም ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ የሚገልጸው ከ−1 እስከ 1 ያለ ቁጥር፣ በሁለቱ መደበኛ ልይይቶች ተባዝቶ እጥፍ ይደረጋል። ከላይ ባለው የሥራ ምሳሌ ተዛምዶው 0.5 ቢሆን የድምሩ ልይይት 16 + 9 + 2 × 0.5 × 4 × 3 = 37፣ መደበኛ ልይይቱ 6.08 ገደማ ይሆናል። ተዛምዶው 1 ሲሆን 7፣ −1 ሲሆን 1 ይሆናል። ልዩነት በሚፈለግበት ጊዜ ይኸው ክፍል ይቀነሳል፤ በተዛምዶ 0.5 የልዩነቱ ልይይት 13፣ መደበኛ ልይይቱ 3.61 ገደማ ነው። ያንኑ ሰው ከሕክምና በፊትና በኋላ ለክቶ ማነጻጸር ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ከማነጻጸር የተሻለ የሚሆነው ሁለቱ ልኬቶች ስለሚዛመዱና ይህ ክፍል ስለሚቀነስ ነው።

አማካዮች ግን ተለዋዋጮቹ ቢነካኩም ባይነካኩም ይደመራሉ፤ ይህ ደንብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ አንድ ውብ ምሳሌ አለ። አድራሻቸው የተጻፈባቸው ብዙ ፖስታዎችና ለእያንዳንዳቸው አንድ ደብዳቤ አሉ፤ ደብዳቤዎቹ ሳይታዩ በዘፈቀደ ወደ ፖስታዎቹ ይገባሉ። በትክክለኛው ፖስታ የሚገቡት ደብዳቤዎች በአማካይ ስንት ናቸው? ሙሉ ሥርጭቱን ማውጣት አድካሚ ነው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ደብዳቤ በትክክል ከገባ 1፣ ካልገባ 0 ብንሰጥ፣ ደብዳቤዎቹ 50 ሲሆኑ የእያንዳንዱ አማካይ 1/50 ነው፤ የሃምሳዎቹ ድምርም 1 ነው። 5 ደብዳቤ ቢሆንም 5000 ቢሆንም መልሱ ያው 1 ነው፤ የአንዱ ደብዳቤ ዕጣ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ያለው መሆኑ ምንም አላወከውም። ልይይቱም ደብዳቤዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ 1 ነው፤ ሦስት ደብዳቤ ወስዶ ስድስቱን አቀማመጦች በመዘርዘር ማረጋገጥ ይቻላል። ሦስቱም በትክክል የሚገቡበት አቀማመጥ አንድ፣ አንዱ ብቻ የሚገባበት ሦስት፣ ምንም የማይገባበት ሁለት ናቸው፤ የዳግም ርቢው አማካይ 9/6 + 3/6 = 2፣ ልይይቱም 2 − 1 = 1።

ለታወቁ ሥርጭቶች የተዘጋጁ ቀመሮች የትኞቹ ናቸው?

በብዛት የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው። ሙከራዎቹ በማይነካኩበትና በእያንዳንዱ ሙከራ የመሳካት ዕድሉ አንድ ዓይነት በሆነበት ሁኔታ የስኬቶችን ብዛት የሚቆጥረው ባይኖሚያል ሥርጭት አማካዩ የሙከራው ብዛት በመሳካት ዕድሉ ሲባዛ ነው፤ ልይይቱ ይኸው አማካይ ባለመሳካት ዕድሉ ሲባዛ ነው። ሙከራው 20፣ ዕድሉ 0.3 ቢሆን አማካዩ 6፣ ልይይቱ 4.2፣ መደበኛ ልይይቱ 2.05 ገደማ ይሆናል። በአንድ የተወሰነ ጊዜ ወይም ቦታ ውስጥ የሚከሰቱ ነገሮችን ብዛት በሚገልጸው በፖይሰን ሥርጭት ልይይቱ ከአማካዩ ጋር እኩል ስለሆነ አማካዩ 9 ከሆነ መደበኛ ልይይቱ 3 ነው። የመጀመሪያው ስኬት እስኪገኝ የሚደረጉ ሙከራዎች ብዛት አማካዩ 1 ለዕድሉ ሲካፈል ነው፤ በዳይ 6 እስኪወጣ በአማካይ 6 ጊዜ ይወረወራል፣ መደበኛ ልይይቱ ግን 5.48 ገደማ በመሆኑ አማካዩን ብቻ ተማምኖ ማቀድ አያዋጣም። በአንድ ክልል ውስጥ እኩል የተሠራጨ ተከታታይ ተለዋዋጭ አማካዩ የክልሉ መካከለኛ ነጥብ ሲሆን መደበኛ ልይይቱ የክልሉ ርዝመት ለ12 ዳግም ዘር ሲካፈል ነው።

ለ«ነ» ነው ወይስ ለ«ነ − 1» የሚካፈለው?

የዕድል ሥርጭቱ በሚታወቅ የዘፈቀደ ተለዋዋጭ ላይ ጥያቄው ራሱ አይነሣም፤ ዕድሎቹ የማካፈሉን ሥራ ሠርተውታል። ጥያቄው የሚነሣው ሥርጭቱ ሳይታወቅ ከናሙና ሲገመት ነው፤ «ነ» በናሙናው ውስጥ ያሉት ዋጋዎች ብዛት ነው። ናሙናው 4፣ 7፣ 7 እና 10 ቢሆን አማካዩ 7፣ የርቀቶቹ ዳግም ርቢ ድምር 18 ነው። ለ4 ሲካፈል መደበኛ ልይይቱ 2.12፣ ለ3 ሲካፈል 2.45 ገደማ ይሆናል።

አንድ የሚቀነሰው የናሙናው አማካይ ለራሱ ለናሙናው ስለሚያደላ ነው። እውነተኛው አማካይ 8 ቢሆን ኖሮ የዳግም ርቢዎቹ ድምር 16 + 1 + 1 + 4 = 22 ይሆን ነበር። ከ7 ውጭ የትኛውንም ቁጥር ብንወስድ ድምሩ ከ18 ይበልጣል። ስለዚህ 18 ከእውነተኛው ያነሰ ግምት የመስጠት ዝንባሌ አለው፤ የቤሰል እርማት በመባል የሚታወቀው ለ«ነ − 1» ማካፈል ይህን ዝንባሌ ከልይይቱ ላይ ያስወግዳል። በካልኩሌተርና በኤክሴል ላይ ሁለቱም አማራጮች አሉ፤ በኤክሴል ስሙ በፒ ፊደል የሚያልቀው ለጠቅላላው ስብስብ፣ በኤስ የሚያልቀው ለናሙና ነው።

ከዋጋዎቹ 68 በመቶ ያህሉ ከአማካዩ በአንድ መደበኛ ልይይት ርቀት ውስጥ ናቸው የሚባለው ሁልጊዜ ይሠራል?

አይሠራም። በአንድ፣ በሁለትና በሦስት መደበኛ ልይይቶች ርቀት ውስጥ 68፣ 95 እና 99.7 በመቶ ይገኛል የሚሉት ቁጥሮች የደወል ቅርጽ ያለው የኖርማል ሥርጭት ጠባይ ናቸው። አማካዩና መደበኛ ልይይቱ እኩል በሆኑበት በኤክስፖኔንሺያል ሥርጭት፣ ለምሳሌ፣ በአንድ መደበኛ ልይይት ርቀት ውስጥ 86.5 በመቶ ገደማ ይገኛል፤ ከዚያ ክልል በታች የሚወድቅ ዋጋም ፈጽሞ የለም።

መደበኛ ልይይት ላለው ለማንኛውም ሥርጭት የሚሠራው ቼቢሼቭ እ.ኤ.አ. በ1867 ያሳተመው ደንብ ነው፦ በሁለት መደበኛ ልይይቶች ርቀት ውስጥ ቢያንስ 75 በመቶ፣ በሦስት ውስጥ ቢያንስ 88.8 በመቶ ይገኛል። ስለ ሥርጭቱ ቅርጽ ምንም ሳያውቁ ይህን ያህል መናገር መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ቅርጹ ኖርማል መሆኑን ሳያረጋግጡ በ95 በመቶ መተማመን ግን ተገቢ አይደለም።

የተለዋዋጩን አማካይ በቀመር ውስጥ ማስገባት የውጤቱን አማካይ ይሰጣል?

ቀመሩ መደመርና በቋሚ ማባዛት ብቻ ካልሆነ በስተቀር አይሰጥም። 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍጥነቱ በእኩል ዕድል በሰዓት 40 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ የጉዞው ጊዜ 3 ወይም 2 ሰዓት ስለሆነ አማካዩ 2.5 ሰዓት ነው። በአማካዩ ፍጥነት በ50 ብናሰላ ግን 2.4 ሰዓት እናገኛለን።

አማካይ ወይም መደበኛ ልይይት የሌለው የዘፈቀደ ተለዋዋጭ አለ?

አለ። ሳንቲም እየተወረወረ ዘውድ በመጀመሪያው ቢወጣ 2 ነጥብ፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 8፣ እንዲህ እያለ እጥፍ የሚሰጥ ጨዋታ እናስብ። አማካዩ 2 × 1/2 + 4 × 1/4 + 8 × 1/8 እያለ ይቀጥላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 1 ስለሆነ ድምሩ ወሰን የለውም። ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 በሴንት ፒተርስበርግ በታተመ ጽሑፉ የመረመረው ይህንኑ ችግር ነው። በኮሺ ስም የሚጠራው ሥርጭት ደግሞ ከመሃሉ በግራና በቀኝ እኩል የተዘረጋ ሆኖ ሳለ ጠርዞቹ ቀስ ብለው ስለሚሳሱ አማካይ የለውም፤ የፈለገውን ያህል ናሙና ቢወሰድ የናሙናዎቹ አማካይ አንድ ቦታ ላይ አይረጋም።

ካልኩሌተር በእንዲህ ዓይነት መረጃ ላይም ቢሆን አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ናሙና ሁልጊዜ የራሱ አማካይ አለውና። አጠራጣሪ ሲሆን ናሙናውን እያሳደጉ አማካዩና መደበኛ ልይይቱ የሚረጉ መሆን አለመሆናቸውን ማየት ይገባል። መደበኛ ልይይቱ ናሙናው ባደገ ቁጥር አልፎ አልፎ በአንድ ሩቅ ዋጋ ምክንያት እየዘለለ የሚያድግ ከሆነ፣ በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች ፈንታ ዋጋዎቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ የመካከሉን ዋጋና ከዚያ በታችም በላይም ያሉትን የሩብ ነጥቦች መግለጽ የተሻለ ነው።